ዝምታ በስንት ቁጥር ይጻፋል?

የልጅ ልጃችሁ አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጥቶ «ሳፍታ፣ አንቺን ጨዋታዬ ውስጥ ላስገባሽ ነው፤ ጉልበትሽ ስንት ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ብዙዎቻችን እንስቃለን። «ሂድ ወዲያ፣ እኔ ደግሞ ምን ጉልበት አለኝ!» እንለዋለን። ልጁም ትንሽ ቁጥር ጽፎ ይሄዳል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያች ትንሽ ቁጥር ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ልጆቻችን እኛን በምን ዓይን እንደሚያዩን የሚነካ ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን ላስረዳ፤ ብዙ ወላጆች ስሙን ሲሰሙ ይደነግጣሉና። ልጆቹ በዕብራይስጥ «መቩኺም ቨድራኮኒም» ይሉታል። የእንግሊዝኛ ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አራት አምስት ልጆች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ መሪ ሆኖ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸው የፈጠሩት አንድ ሰው አላቸው። መሪው «ከፊታችሁ ወንዝ አለ፤ ድልድዩ ተሰብሯል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እያንዳንዱ በተራው የእሱ ሰው የሚያደርገውን ይናገራል። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ባለ 20 ገጽ ኩቢያ ይጥላሉ።

ገንዘብ የለበትም፤ ስለዚህ ቁማር አይደለም። ዘንዶና ጠንቋይ በተረቱ ውስጥ ይኖራል፤ እኛስ በእሳት ዳር ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ እየሰማን አይደለም እንዴ ያደግነው? የሚሰገድለት ነገር የለም። ተረት ነው። ልዩነቱ ሰሚው ራሱ ተረቱ ውስጥ ገብቶ መምረጡ ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይህ ሁግ በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። ጨዋታውን የሚመራው ጻባውን የጨረሰ አንድ ወጣት ነው፤ እኔ በር ከፍቼ፣ ሻይ አፍልቼ አዳምጣለሁ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

እያንዳንዱ ልጅ ስለ ሰውየው የሚጽፍበት ወረቀት አለው። ስድስት ነገሮች በቁጥር ይሞላሉ፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ የሰውነት ጥንካሬ፣ የአእምሮ ብሩህነት፣ ማስተዋል፣ ግርማ ሞገስ። በቀድሞው ልማድ ሦስት ባለ 6 ገጽ ኩቢያ ስለሚጣል ቁጥሩ ከ3 እስከ 18 ነው። ወንዶቹ ልጆች እንደምትገምቱት ጉልበት 17፣ ጉልበት 18 እያሉ ይጽፋሉ። አንዲት ልጅ ግን አያቷን ነበር የጻፈችው። አሮጊት ሸክላ ሠሪ፣ ከብዙ ሰው ጋር በረሃ አቋርጣ ወደ ሩቅ አገር የምትሄድ። ጉልበት 7። ቅልጥፍና 6። ቀጠለችና እርሳሷ ቆመ።

«ሃሞሬ፣ የሳፍታዬን ነገር የት ነው የምጽፈው?»

«የቱን ነገር?»

በዕብራይስጥ ነበር የምታወራኝ። ቃሉ ግን በዕብራይስጥ አልመጣላትም። «ቻለች» አለችኝ፣ በአማርኛ።

እስቲ ይህን ቃላችንን ተመልከቱት። «ቻለ» ስንል ማድረግ ሆነለት፣ አቅም አገኘ ማለታችን ነው። «ቻለ» ስንል ደግሞ ታገሠ፣ ተሸከመ፣ አልተሰበረም ማለታችንም ነው። «መሥራት ይችላል» እንላለን፤ «መከራውን ቻለው» እንላለን። አንድ ግሥ ነው። ቋንቋችን መሸከምን ራሱን አቅም አድርጎ ቆጥሮታል። ሆደ ሰፊ የምንለውን ሰውም የምናከብረው ለዚህ ነው፤ ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባል የለ!

የጮኸውን ጀግንነት ለማሳየት ግን ብዙ መሣሪያ አለን። ፉከራ አለ፣ ሽለላ አለ፣ ቀረርቶ አለ። ወኔ ያለው ሰው ይነሣል፣ ይሸልላል፣ ይታያል። የቻለው ሰው ግን ምን ይላል? ምንም አይልም። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የማይታየውን ኃይል ለሌላ ሰው እንዴት ታሳየዋለህ?

የጨዋታ ደራሲዎች በዚህ ብዙ ደክመዋል። የተለያየ መንገድ ሞክረዋል፤ የገረሙኝን ልንገራችሁ።

አንደኛው መንገድ መከላከያ ቁጥር ነው። በ2000 በወጣው የዚህ ጨዋታ ሦስተኛ እትም ሰው ከክፉ ነገር የሚድንባቸው ሦስት መከላከያዎች ነበሩ፦ የሰውነት፣ የፍጥነትና የፈቃድ። ጠንቋይ አእምሮውን ሊገዛው ሲሞክር ልጁ ኩቢያ ይጥላል፣ የፈቃዱን ቁጥር ይደምርበታል፤ ከተቀመጠው ቁጥር ከደረሰ «እምቢ» አለ ማለት ነው። በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ይህ ሥራ በአብዛኛው ለማስተዋል ተሰጥቷል። ጥሩ ነው፤ ጸጥ ያለው ሰው ጉልበት 7 ሆኖ ጉልበተኛው የወደቀበትን ድግምት ሊያልፍ ይችላል። ጉድለቱ ግን በአንድ ውርወራ ማለቁ ነው። የእኛ ሰዎች የቻሉት አንድ ጊዜ አይደለማ! በየቀኑ ነው እንጂ።

ሁለተኛው መንገድ ጎተራ ነው። በ1991 የወጣ «ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ» የሚባል ሌላ ጨዋታ አለ። ስለ ደም መጣጮች ስለሆነ ለልጆች አላቀርበውም፤ ሐሳቡ ግን ብልህ ነው። ፈቃደ ልቡና እንደ እህል ይቆጠራል። ከባድ ነገር ሲመጣ ከጎተራው ቆንጥረህ ታወጣለህ፤ እያወጣህ ከሄድክ ባዶ ይቀራል። እንደገና የሚሞላው ደግሞ ከተፈጥሮ ባሕርይህ ጋር የሚስማማ ነገር ስታደርግ ነው። ይህ እውነት ነው። ሰው የሚችለው የማያልቅ ነገር ስላለው አይደለም፤ መልሶ የሚሞላበትን ስለሚያውቅ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሚዛን ነው። ግሬግ ስታፎርድ በ1985 ባወጣው «ፔንድራገን» በሚባለው ጨዋታ የሰው ጠባይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጻፋል፦ ትሑትና ትዕቢተኛ፣ ይቅር ባይና ቂመኛ፣ እንዲህ እያለ። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 20 ነው። ይቅር ባይነቱ 14 ከሆነ ቂሙ 6 ነው። ቂሙ ዜሮ አይደለም፤ እዚያው አለ፣ ግን ተይዟል። ይህን ሳይ አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ቁጣ የሌላቸው ሰው አልነበሩም፤ ቁጣቸውን የሚያስሩ ሰው ነበሩ። በአስተስርዮ ቀን ሌሊቱን ቆመው ሲጸልዩ ያድራሉ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ግዕዙ ብዙም አይገባኝም ነበር። ጽናታቸውን የማውቀው በነጋታው እግራቸው አብጦ ሳይ ነበር። እሳቸው ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገሩም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታው ለእሷ አልሆነም። ጅቦች መጡ፤ ጉልበት 18 የነበረው ልጅ ተነሥቶ በሰይፍ ገጠማቸው፤ ጠረጴዛው በሳቅና በጩኸት ተሞላ። የእሷ ተራ ሲደርስ «ዝም ብላ ትቀመጣለች» አለች። ተራው አለፈ። በሁለተኛውም ተራ «ዝም ትላለች» አለች። ልጁ ሳቀና «ሳፍታሽ እኮ ምንም አታደርግም!» አላት።

ያቺን ቃል ልብ በሏት። ክፋት የለባትም። ልጁ ያየውን ነው የተናገረው። ከውጭ ሲታይ ዝም ያለ ሰው ምንም እንደማያደርግ ሰው ነው። ልጆቻችንም እኛን እንዲሁ ከውጭ ነው የሚያዩን፦ በኩፓት ሆሊም ወረፋ ዝም የምንል፣ በቢሮ ዝም የምንል፣ የሥራ አለቃ ሲጮህ ዝም የምንል። ከውስጥ ያለውን ማን ነገራቸው?

ልጅቷ ቤቷ ሄዳ አያቷን ጠየቀች፦ «ሳፍታ፣ በመንገድ ላይ ምን አደረግሽ?» አያቷም «ምን አለው፤ ሄድን፣ ደረስን» አሏት። ያ ሁሉ መንገድ በአራት ቃል! በሚቀጥለው ሳምንት ይህንኑ ይዛ መጣች። ከመሪው ወጣት ጋር ተመካከርንና ሦስት ጥያቄዎች ሰጠናት። የአንቺ ሰው ዝም ስትል፦ ምን እየጠበቀች ነው? ማን ወይም ምን እየገፋት ነው? ዝምታው ምን እያስከፈላት ነው? እነዚህን ከነገርሽን ዝምታዋ ሥራ ይሆናል፤ ካልነገርሽን ባዶ ወንበር ናት አልናት። አያትሽንም «ምን አደረግሽ?» አትበያቸው፤ «ማንም ሳያይሽ ምን ታደርጊ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው አልኳት።

ጥያቄው በሩን ከፈተው። አያቷ ስለ ሱዳን ሰፈር ነገሯት። እንደምታውቁት በዚያ አይሁዳዊ መሆንን መደበቅ ግድ ነበር። ዓርብ ሳይመሽ ያበስላሉ። ሰንበት ጠዋት የሁሉም ጎጆ ሲጨስ የእሳቸው አይጨስም። ጎረቤት መጥታ «ዛሬስ እሳት የለም?» ስትል «አሞኛል» ይላሉ። በሚቀጥለው ሰንበትም ትጠይቃለች። በሚቀጥለውም። ልጆቹ ተርበው እያለቀሱ፣ እንጨቱ እዚያው በር ላይ ተከምሮ እያለ። ልጅቷ ይህን ስትነግረን ድምጿ ተለወጠ። «በየሳምንቱ ነው እኮ፣ ሃሞሬ» አለችኝ።

ወጣቱ መሪ የዚያን ዕለት አንድ ነገር ፈጠረ። ለሁሉም ልጅ አንዳንድ ስኒ አቀረበና በየስኒው አምስት አምስት ሽምብራ አደረገ። ደንቡ ይህ ነው፦ ሰውየው የሚጠብቀውን ነገር እንዲተው የሚገፋው ሲመጣ ኩቢያ ይጣላል። ኩቢያው ካልበቃ አንድ ሽምብራ ከፍሎ መጽናት ይችላል። ስኒው ባዶ ከሆነ ግን ይሰበራል። የራሱን ነገር በስውር ሲያደርግ ደግሞ፣ ዳቦ ሲባርክ፣ ለልጅ የወራትን ስም ሲያስተምር፣ ለሞተ ሰው ሲያለቅስ፣ አንድ ሽምብራ ይመለስለታል።

ተረቱ በረሃ ዳር ወዳለ ሰፈር ገባ። የአገሩ ንጉሥ የእነዚያን ሰዎች ቀን ከልክሏል። ሸክላ ሠሪዋ እሳት ሳታነድ ትቀመጣለች። ጎረቤት ትጠይቃለች፤ ኩቢያው አልበቃም፤ አንድ ሽምብራ ወጣ። ዘበኛ መጣ፤ ሌላ ወጣ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ልጆቹ ስኒዋን ነበር የሚያዩት። ሰይፍ የለ፣ ጅብ የለ፤ አንዲት አሮጊት ከጎጆዋ በር ላይ ተቀምጣለች፣ ሌላ ምንም የለም። ሁሉም ግን ትንፋሹን ይዟል።

አንድ ሽምብራ ሲቀራት ዱቄት አዳዩ መጣ። «የምታርፉበትን ቀን ንገሪኝና ሙሉ ጆንያ ውሰጂ» አላት። ልጅቷ ብዙ ቆየች። ከዚያ ስኒውን በእጇ ከድና «ዛሬ አልራበንም ትለዋለች» አለች። ኩቢያው 12 ያስፈልገው ነበር፤ 9 ወጣ። የመጨረሻዋን ሽምብራ አውጥታ ከጠረጴዛው መሃል አኖረቻት።

ያ «ምንም አታደርግም» ያለው ልጅ «ከእኔ ስኒ ልስጣት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። መሪው «ትችላለህ፤ ግን ተራህ ያልፍሃል» አለው። ልጁ ሰጣት። ተራውን ለሰው ሲሰጥ ሳየው የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩት የጨዋታ ብልሃት ብቻ አይደለም። ጸጥ ያለ ጽናት በቁጥር ብቻ አይታይም፤ በዝምታም ብቻ አይታይም። የሚታየው የሚገፋው ነገር ሲታይ፣ ዋጋው ሲታይና ሌላ ምርጫ እንደነበረ ሲታወቅ ነው። ሸክላ ሠሪዋ እሳት ማንደድ ትችል ነበር። ጆንያውን መውሰድ ትችል ነበር። «አልቻለችም» እና «አላደረገችም» ለየቅል ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይላሉ ወላጆቻችን። ዝምታ ሁሉ ጽናት አይደለም። የፍርሃት ዝምታ አለ፤ መናገር እየፈለገ አፉ የተያዘ። የይሉኝታ ዝምታ አለ፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ የራሱን መብት የሚተው። የጽናት ዝምታ ከእነዚህ የሚለየው በሩ ከውስጥ የሚከፈት በመሆኑ ነው። ጊዜው ሲደርስ ይናገራል፤ አጭር ይናገራል፤ የተናገረውን አይመልስም። ለዚህ ነው መሪው ልጆቹን «ዝም ያለ ሰው የፈጠራችሁ ሁሉ፣ ሰውዬው መቼ እንደሚናገር ዕወቁ» የሚላቸው።

ይህን ወደ ቤታችን አምጡት። ልጆቻችንን በአክብሮት አሳድገናል፦ ታላቅ ሲናገር ዝም በል፣ ዓይን ዓይኑን አትይ። ጥሩ ነው። በዮም ሆሪም ግን አስተማሪው «ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ግን አትሳተፍም» ሲል ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? እኔ በጠረጴዛው በዚያኛው ወገን ስለምቀመጥ አውቃለሁ። አንዳንዷ ልጅ በእርግጥ እያሰበች ነው ዝም ያለችው። አንዳንዷ ግን ፈርታ ነው። ከውጭ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ለአስተማሪው «ልጄ ጨዋ ናት» ብቻ ብላችሁ አትውጡ። ልጃችሁን ቤት ውስጥ «ዝም ስትዪ በልብሽ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ለአስተማሪው ንገሩ። ለልጅቷም የራስሽ ነገር ሲሆን በለሰለሰ ድምፅ ቢሆንም ተናገሪ በሏት።

የሐናን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእግዚአብሔር ቤት በልቧ ትጸልይ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ኤሊ አፏን ብቻ አየና የሰከረች መሰለው። የካህን ልጅ ነኝና ይህ ቦታ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። ካህን እንኳ ከውጭ ብቻ አይቶ ይስታል! ሐና ግን ዝም ብላ አልቀረችም። በትሕትና መለሰችለት፤ በልቧ ያለውን ነገረችው። እሱም ባረካት። እሷ ባትናገር ኖሮ ኤሊ እንደ ተሳሳተ ይቀር ነበር።

እኛም ብዙ ተሸክመን ብዙ ዝም ብለናል። ወደ ሱዳን በተደረገው ጉዞና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን ቀርተዋል፤ መታሰቢያቸው በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይህን ቁጥር ይማራሉ። ስለ ዘመቻ ሙሴና ስለ ዘመቻ ሰሎሞን፣ ስለ አውሮፕላኖቹም ይማራሉ። በየሰንበቱ ስላልጨሰው ጎጆ ግን ማንም አያስተምራቸውም። እሱ ያለው በእናንተ ሆድ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አታባርሩት። ጉልበት ስንት ነው ቢላችሁ የፈለጋችሁትን ቁጥር ስጡት፤ ቁጥሩ አይደለም ዋናው። «ተቸገርን፣ አለፈ» ብላችሁ ግን አትዝጉት። አንድ ቀን ብቻ ምረጡ። በዚያ ቀን ምን ትጠብቁ እንደነበር ንገሩት። ማን ይገፋችሁ እንደነበር ንገሩት። ሌላው መንገድ ምን ያህል ቀላል እንደነበረ፣ ለምንስ እንዳልሄዳችሁበት ንገሩት። የማይነገር ካለ አትንገሩት፤ እሱም የእናንተ ምርጫ ነው። «ይህን ዛሬ አልነግርህም» ብትሉት እንኳ በር መኖሩን ያውቃል።

ጊዜ ካላችሁም አንድ ቀን ከጠረጴዛቸው ዳር ተቀመጡ። ዕብራይስጡ ቢፈጥንባችሁ ግድ የለም። ቡና ካፈላችሁ ደግሞ ስኒ አይጠፋም፤ ሽምብራውን ልጆቹ ያመጣሉ።

ቸር እንሰንብት።